ተራራ የራሱን ዝናብ ይሠራል

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ሲያጋምስ ተሳፋሪው መስኮት መዝጋት ይጀምራል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የከፍታ ልዩነቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳ ይዛ ተቀምጣለች፤ የደሴ መንገደኛ እንኳ ከአውሮፕላን የሚወርደው እዚያ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሐል ተወሽቃለች። ከሁለቱ ከተሞች በላይ ያለው ተራራ ሌላ ዓለም ነው፤ በደቡብ ወሎ የአምባ ፈሪት አናት ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል።

ተራራ ላይ ጎጆ ይዞ ሁለት ቀን ማሳለፍ በአገራችን ጥንዶች ዘንድ እየተለመደ ነው። በሰሜን ወሎ መቄት ገደል አፋፍ ላይ፣ በመንዝ ደግሞ ጓሳ ውስጥ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች አሉ። ከዚያ የሚመለሱ ጥንዶች የሚያወሩት ታሪክም ይመሳሰላል፤ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ከምሳ በኋላ በእግር ወጣ አልን፣ ከዚያ ነጎድጓድና በረዶ ወረደብን። አብዛኛው ሰው ዕድሉን ይወቅሳል። ነገሩ ግን የዕድል አይደለም። ያን ዝናብ ከሩቅ ያመጣው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱን ተቀብሎ ወደ ዶፍ የሚለውጠው ተራራው ራሱ ነው፤ ሥራውንም የሚሠራው በሰዓት ነው።

ጠዋት የጥንዶቹ፣ ከሰዓት የደመናው

ፀሐይ ስትወጣ የተራራው ገጽ ይሞቃል፤ የሚነካውንም አየር ያሞቃል። ይህ አየር በዚያው ከፍታ ከሸለቆው በላይ ከተንጠለጠለው አየር ይበልጥ ስለሚሞቅ ይቀላል፤ ስለዚህ ዳገቱን ተከትሎ ይወጣል። ረፋድ ላይ ከአፋር ቆላ በኩል ወደ ወሎ ደጋ ጫፍ የሚነፍሰው ለስላሳ ነፋስ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። ደመና ያልሠራ አየር በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት መያዝ ስለማይችል፣ አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ተኑ ወደ ጥቃቅን ጠብታነት ይለወጣል። ያ ከፍታ የደመናው ወለል ነው።

ወለሉን በግምት ማስላት ይቻላል። የአየሩ ሙቀትና እርጥበቱ ወደ ጤዛ የሚለወጥበት ሙቀት ምን ያህል እንደሚራራቁ ማወቅ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ዲግሪ 125 ሜትር ያህል ነው። ለምሳሌ ኮምቦልቻ ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ቢኖርና የጤዛው መነሻ 17 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 8 ነው፤ ደመናው ከከተማዋ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምራል። ይህ ከባሕር ጠለል 2,850 ሜትር መሆኑ ነው። ለኮምቦልቻ ነዋሪ ከራሱ በላይ የሚያምር ነጭ ደመና ነው። ለደሴ ነዋሪ 350 ሜትር ብቻ ይርቀዋል። 3,000 ሜትር ላይ ጎጆ ለተከራዩት ጥንዶች ግን ደመና መሆኑ ቀርቶ በመስኮት የሚገባ ጉም ነው።

ነገሩ በጉም ቢያበቃ ደግ ነበር። ተን ወደ ውኃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ አንድ ሊትር ውኃ ሲፈጠር የሚወጣው ሙቀት 8 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ በደሴ ከፍታ ለማፍላት ይበቃል፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህ ሙቀት ደመናውን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲወጣ ተጨማሪ ተን ወደ ውኃ ይለወጣል፣ ተጨማሪ ሙቀት ይለቀቃል። ረፋድ ላይ ጥጥ የመሰለው ደመና ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ አናቱ የተንጣለለ ጥቁር ግንብ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ሌሊት ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፤ ተራራው ቀዝቅዞ አየሩ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ንጋት ላይ ሸለቆው ጭጋግ ለብሶ ከላይ ያለው ሰው ጥርት ያለ ሰማይ ማየቱ የዚሁ ውጤት ነው። ያ ውብ ጠዋት ለከሰዓቱ ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ስትሠራ ውላለች ማለት ነው።

የሠርግ ወርና የበልግ ዝናብ

በወሎ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። በበልግ እርጥበቱ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረቢያ ባሕር በምሥራቅ ይመጣል፤ በክረምት ደግሞ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ የሚነሳው የምዕራቡ አየር ይጨመርበታል። የደሴ ተራሮች በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለቆሙ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

ይህ ለጥንዶች የተለየ ትርጉም አለው። ሠርግ በክረምት አይበዛም። በዐቢይ ጾም ኦርቶዶክሱ አይድርም። ስለዚህ ብዙ ሠርግ የሚደገሰው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥር ደረቅ ነው፤ ችግሩ ሌሊት የሚጥለው ውርጭ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ግን በበልጉ ላይ ይወድቃል። በዚያ ወቅት ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ዝናቡም እንደ ሐምሌ በየቀኑ ስለማይመጣ ሰው ይዘናጋል። ሲመጣ ደግሞ ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ይመጣል። የሚያዝያ ሙሽሮች «ክረምት ገና ነው» ብለው ያለ ዣንጥላ የሚወጡት በተሳሳተ ስሌት ነው።

በረዶውና መብረቁ

በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው በአማካይ ወደ 5,000 ሜትር ሲጠጋ ነው። በረዶው የሚያድገው ከዚያ በላይ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋው አየር እየያዘው፣ ቀዝቃዛ ጠብታ እየተለጠፈበት። ወደ ጅቡቲ ዳርቻ የሚወድቅ ቅንጣት ወደ 5,000 ሜትር የሚጠጋ ሞቃት አየር አቋርጦ ቀልጦ ይደርሳል። 3,200 ሜትር ላይ ላለች ጎጆ ግን የሚቀረው ጉዞ 1,800 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ለመቅለጥ ጊዜ የለውም። የደጋ ገበሬ ገብሱን በረዶ የሚመታበት፣ የቆላው ወንድሙ ግን ዝናብ ብቻ የሚያይበት ምሥጢር ይህ ነው።

በደመናው ውስጥ የሚጋጩት የበረዶ ቅንጣቶች የኤሌክትሪክ ሙላት ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ሲበዛ መብረቅ ይሆናል። በመንገዱ ያለውን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ነጎድጓዱ የዚያ አየር ፍንዳታ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ብልጭታውን አይቶ እስኪሰማ መቁጠርና ለ3 ማካፈል ርቀቱን ይነግራል። ቆጠራው 30 ካልሞላ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ከሸንተረር ለመውረድ አሁን ነው ጊዜው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት ይገባል።

ብዙ ሰው ነጎድጓድ ሲሰማ ስልኩን ያጠፋል። መብረቅ ግን ስልክ አይፈልግም፤ የሚመርጠው ከፍታን፣ ብቸኝነትንና ሹልነትን ነው። በኪስ ያለ ስልክ ችግር የለውም፤ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ ግን ከውጭ ሽቦ ጋር የተያያዘ ነውና አይነካም። ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋ ነው። ዛፉን የመታው ጉልበት በመሬት ላይ ሲሰራጭ፣ በሁለት እግሮች መካከል ባለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ሰውን ይጥላል። ከዛፍ ሥር የቆሙ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚያልቁት በዚህ ነው። የሣር ክዳን ጎጆ ከዝናብ ያስጠልላል እንጂ ከመብረቅ አይጠብቅም፤ በሩ ላይ የቆመች መኪና ካለች፣ መስኮቷ ተዘግቶ፣ እሷ ትሻላለች።

ከወጀቡ የባሰው ጎጆ ውስጥ ነው

ዝናቡ ያገኛቸው ጥንዶች ረጥበው ይመለሳሉ። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ፣ 10 ዲግሪ ላይ በርጥብ ልብስ ነፋስ ውስጥ መቀመጥ ሰውነትን አደገኛ ወደ ሆነ ቅዝቃዜ ሊያወርድ ይችላል። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ሲርስ አየሩን ለቆ ከገላ ጋር ይጣበቃል። የመንዝ ባና ግን ከበግ ጠጉር የተሠራ ስለሆነ ርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ደገኛው ባና የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ነው ሕይወት የሚያጠፋው። በር ይዘጋል፣ መስኮት ይደፈናል፣ የጋለ ከሰል ያለበት ፈርኔሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሰል አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስዳል። 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰውነት መጠባበቂያ የለውም። ራስ ምታትና ድብታ ሲመጣ ሰው የመንገድ ድካም ወይም የከፍታ ነገር ይመስለውና ይተኛል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል» የሚለው ማረጋገጫ ዋጋ የለውም፤ የቀላ ፍም ያለ ጭስም ይገድላል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይታደርበትም፤ ለሌሊቱ የሚያስፈልገው ደረቅ ልብስና ሌላ ብርድ ልብስ ነው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 40 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 1,200 ሊትር ያወርዳል። በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ ሲሆን 300,000 ሜትር ኩብ ነው። በደሴ ዙሪያ የሚወርደው ውኃ ወደ ቦርከና ይሰበሰባል፤ ቦርከናም በዶሮ መዝለያ ገደል ተምዘግዝጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ እየወጣች ደራሽ ውኃ ሊመጣ ይችላል። ወንዝ ለመሻገር የታችኛውን ሰማይ አይቶ መወሰን አይበቃም፤ የላይኛውን ማየት ያስፈልጋል።

ናዳ ደግሞ ይዘገያል። የወሎ ተራሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባላቸው የባዛልት ንብርብሮች የተሠሩ ናቸው፤ ላያቸው በስብሶ ሸክላ ሆኗል። ውኃ ቀስ ብሎ ሲሰርግ አፈሩ ይከብዳል፣ መያዣውም ይላላል፤ ከዝናቡ ሰዓታት ወይም ቀናት በኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው ባለቀበት አደጋ፣ ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ በተሰበሰቡበት ሁለተኛው ሲወርድባቸው ነው። መንገድ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም የደፈረሰ ምንጭ ያየ ሰው ዞሮ መመለስ እንጂ ፎቶ ማንሳት የለበትም።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ «ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ» ሲል የትኛውን ሸንተረር በየትኛው ደቂቃ እንደሚመታ መናገሩ አይደለም። የቀኑን ሥርዓት ግን ይነግራል፤ የእግር ጉዞ በጠዋት፣ መመለስ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ምክንያቱም አንድ የነጎድጓድ ደመና ራሱን ያጠፋል። የወረደው ዝናብ ቀዝቃዛ አየር ይዞ መሬት ሲደርስ፣ ደመናውን ሲመግብ የቆየውን ሞቃት አየር ከሥሩ ይቆርጥበታል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ አብዛኛው ይደክማል፤ ሌላ ደመና ካልተከተለ በስተቀር፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚወስደውን ጊዜ ያህል ነው። ቡናው ግን ቀድሞ፣ ደጅ ላይ ይፈላና በፔርሙዝ ይግባ፤ ፈርኔሎው እዚያው ደጅ ይቅር።