ከፈርምዌር ማሻሻያ በኋላ የጠፋው ራም

እ.ኤ.አ. በ2001 ብዙ የማክ ተጠቃሚዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ የቆየ ኮምፒውተራቸው፣ አዲስ ፈርምዌር (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራም) ከተጫነለት በኋላ ሲበራ ራሙ ጎድሎ ተገኘ። ገዝተው የጨመሩት የራም ካርድ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ አይቆጥረውም። ማሻሻያዎቹ 4.1.7 እና 4.1.8 የሚል ቁጥር የነበራቸው ሲሆን ያወጣቸው አፕል ነው።

ነገሩ የደረሰው በማይመች ጊዜ ነበር። ማርች 24 ቀን 2001 ለገበያ የቀረበው ማክ ኦኤስ ቴን 128 ሜጋባይት ራም ይፈልግ ነበርና፣ ለእሱ ብሎ ራም ጨምሮ የተዘጋጀ ሰው የጨመረውን አጣ። ብዙዎች ካርዱ ተቃጠለ ብለው ደመደሙ። ካርዱ ግን አልተቃጠለም።

በራም ውስጥ እያንዳንዱ ቢት የሚያዘው በዓይን በማትታይ ካፓሲተር ውስጥ በሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ኤሌክትሪክ እየሾለከ ስለሚያልቅ፣ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ የራም ረድፍ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ መታደስ አለበት። መረጃ ተጠይቆ እስኪወጣም ጥቂት ጊዜ ያልፋል። በ100 ሜጋኸርትዝ በሚሠራው የዚያ ዘመን ራም አንዱ ምት 10 ናኖሰከንድ ሲሆን፣ አንዱ ካርድ 2 ምት ይበቃዋል፤ ሌላው 3 ያስፈልገዋል። ካርዱ ይህን የሚያሳውቀው ኤስፒዲ በምትባል፣ በላዩ በተለጠፈች ትንሽ ቺፕ ነው፤ ያን ጊዜ የምትይዘው 256 ባይት ብቻ ነበር። ፈርምዌሩ ኮምፒውተሩ እንደበራ ይህችን ቺፕ ያነብና ራሙን በምን ፍጥነት እንደሚያሠራው ይወስናል።

አዲሱ የአፕል ፈርምዌር በዚህ ንባብ ላይ ጥብቅ ሆነ፤ የአፕልን መስፈርት የማያሟላውን ካርድ ከሥራ አገደው። የቀበሌ መታወቂያው ላይ አንድ መስመር የተዘለለበትን ሰው የድሮው ዘበኛ ዝም ብሎ ሲያሳልፈው ኖሮ፣ አዲሱ አንብቦ በር ላይ አስቀረው እንደ ማለት ነው። ዲም ፈርስት ኤይድ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም የአንዳንድ ካርዶችን ኤስፒዲ አርሞ እንደገና በመጻፍ ወደ ሥራ መልሷቸዋል።

ጥብቅ መሆኑን አልቃወምም። ምቱን የማይጠብቅ ራም ሁልጊዜ ኮምፒውተሩን አያቆመውም፤ አንዲት ቢት አዛብቶ ዝም ሊል ይችላል፤ የተዛባው ፋይል ላይ ከተጻፈ ደግሞ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ይሆናል። የምቃወመው ባለቤቱ የትኛው ካርድ፣ በምን ምክንያት እንደታገደ በግልጽ ሳይነገረው መቅረቱን ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል።

ዛሬም የኮምፒውተሩ ፈርምዌር፣ በተለምዶ ባዮስ የሚባለው፣ ተሻሽሎ ራም ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርዱ መሆን የለበትም። ማሻሻያው ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ማስተካከያ ያጠፋዋል። በ3200 ፍጥነት የተሸጠ ዲዲአር4 ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲሠራ ከተገኘ ኤክስኤምፒ የሚባለው ምርጫ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መልሶ ማብራት ይበቃል። ዲዲአር5 ያላቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ ከማሻሻያው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ ከራሙ ጋር የሚግባቡበትን ምት እንደ አዲስ ይፈልጋሉ። ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

በተለመደው ፍጥነትም እየሠራ ኮምፒውተሩ ቀጥ ካለ፣ ካርዶቹን አውጥቶ አንድ በአንድ መሞከር ነው። ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ ተነሥቶ ራሙን እየጻፈ እያነበበ ይፈትሻል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢተውት ይመረጣል። ስህተቱ በየማስገቢያው አንዱን ካርድ ከተከተለ ጥፋቱ የካርዱ ነው። ካርድ ቢቀያየርም ከአንዱ ማስገቢያ ካልወጣ ማዘርቦርዱን ወይም የፕሮሰሰሩን መቀመጫ መመርመር ያሻል። ሁሉም ካርድ ለየብቻው አልፎ አንድ ላይ ሲሆን ብቻ ከወደቀ፣ የተለያየ ዓይነት ራም ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።

ይህ ቅልቅል እዚህ ካሊፎርኒያ ካሉት ከፕሌዘንተን፣ ከኦክላንድም ሆነ ከሳን ሆዜ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በሚላክ ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ በተለይ ያሳስበኛል። ላኪው በቅን ልብ የተረፈውን ራም ይጨምርበታል፤ ኮምፒውተሩም በነበረው ባዮስ ይሠራለታል። ተቀባዩ ማሻሻያ ሲጭን ግን ችግሩ እዚያ ይወጣል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ባዮሱ ሻንጣ ከመታሸጉ በፊት እዚሁ ይሻሻል፤ የራሙ ማስተካከያ ገጽ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ሜምቴስቱም ከማሻሻያው በኋላ ይካሄድ።