ተልባው ሲደርቅ ይከብዳል

ሰሞኑን ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ወሬ አለ። በአብስትራክት ሥዕል ላይ ወፍራሙ የዘይት ቀለም ከተሸበሸበ ወይም ከተሰነጠቀ «ውሃ የበዛበት ርካሽ ቀለም ነው፤ ፀሐይ ላይ አውጡት» ይባላል። ይህን ሰምቶ ሸራውን ለቀትር ፀሐይ የሚያሰጣ ሰው ማየት በጣም ያበሳጫል። በዘይት ቀለም ውስጥ የሚተን ውሃ የለም።

የዘይት ቀለም በዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው፤ ዘይቱም በአብዛኛው የተልባ ነው። በደቡብ ወሎ ከመካነ ሰላም ዙሪያ እስከ ሳይንትና ለጋምቦ ባለው ደጋ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው ያው ተልባ ማለት ነው። ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ሊኖሌኒክ አሲድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የአሲዱ ሰንሰለት ሦስት ድርብ ትስስር አለው። የአየሩ ኦክስጅን የሚያጠቃው እነዚህን ቦታዎች ነው። ሰንሰለቶቹ ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ተያይዘው የማይፈታ መረብ ይሠራሉ። ዘይቱ ኦክስጅን ስለሚጨምር ሲደርቅ ክብደቱ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ ትናንሽ ስብርባሪ ሞለኪውሎች እየተነኑ ክብደቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ሽፋኑም ይኮማተራል።

መሸብሸቡ እንዴት እንደሚመጣ ለማየት አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት በመስታወት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ሌላውን አወፍራችሁ አጠገቡ አኑሩ። ስሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ላስቲክ ይይዛል። ወፍራሙ ግን ላዩ በፈላ ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ይሸፈናል፤ ውስጡ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ስልባቦቱ ኦክስጅን እየጠጣ ሲያብጥ ለቦታው ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ ይታጠፋል። ፀሐይ የላዩን ሽፋን ይበልጥ ታጣድፈዋለች እንጂ ውስጡን አታደርቅም።

ስንጥቁ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ቅባት በበዛበት፣ ቀስ ብሎ በሚደርቅ ሽፋን ላይ ቅባቱ ያነሰና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ከተደረበ፣ ላዩ ጠንክሮ ሳለ ታቹ ገና ስለሚንቀሳቀስ ላዩን ይቀደዋል። ደንቡ ከሥር ያነሰ ቅባት፣ ከላይ የበዛ ቅባት ነው።

የማጀት ዘይት ሁሉ እኩል አይደለም። ሱፍ ብዙ ቢጫ ስለማይሆን ለነጭ ቀለም ይመረጣል። ኑግ ከተልባ ዘግይቶ ይደርቃል። የፓልም ዘይት ግን በጭራሽ አይደርቅም፤ በእሱ ቀለም ለውሶ ቴክስቸር እሠራለሁ ያለ ሠዓሊ ሸራውን ለአቧራ ማጥመጃ ያደርገዋል።

ስለ ነጭ ቀለም ደግሞ ያልተቋጨ ክርክር አለ። ዚንክ ነጭ የሚባለው ቀለም ከዘይቱ አሲድ ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ውህድ እንደሚፈጥርና ሽፋኑን ተሰባሪ እንደሚያደርገው በቂ ማስረጃ አለ። ለአንድ የተወሰነ ሥዕል መፈራረስ ዚንኩን ብቻ መክሰስ ግን ይከብዳል፤ እርጥበቱም፣ የሸራው ውጥረትም፣ የዘይቱ መጠንም እጃቸው አለበት። ከፍታ ቦታ በቀለም መድረቅ ላይ ያለው ተጽዕኖም እንዲሁ ያልተቋጨ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ለመድረቁ ፍጥነት ግን ቅዝቃዜው የበለጠ የሚወስን ይመስለኛል።

ቅዝቃዜው ለአክሬሊክ ቀለም ይበልጥ አደገኛ ነው። በአክሬሊክ ውስጥ በርግጥ የሚተን ውሃ አለ፤ ውሃው ሲሄድ የፕላስቲክ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሃዳሉ። ከ9 ወይም ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ግን ቅንጣቶቹ በደንብ አይዋሃዱም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊቱን እንዲደርቅ የተተወ ወፍራም አክሬሊክ ጠዋት ቢሰነጠቅ ቀለሙን አትሳደቡ።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከጀርመን ተመልሶ በአዲስ አበባ አብስትራክትን ካስተማረ ወዲህ የሠዓሊዎቹ ቁሳቁስ ከቀለም አልፎ እየሰፋ ሄዷል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን የፍየል ሌጦና የዛፍ ልጥ ተጠቀመ፤ ሌጦ በእርጥበት ይለጠጣል፣ በድርቀት ይሸበሸባል፣ ሥራውንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። ሌላው አርቲስት ኤልያስ ስሜ የኮምፒውተር ክፍሎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ያያይዛል፤ የዘይቱ ኬሚስትሪ በእሱ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ተልባ የምትጠቀሙ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ኦክስጅኑ ሲገባ ሙቀት ይወጣል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ በተሞላ ባለ ክዳን ቆርቆሮ ውስጥ ዝፈቁት።