ድኝ፦ ከሰዶም እሳት እስከ እከክ ቅባት

ድኝ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው በሰዶምና በገሞራ ላይ የዘነበው እሳት ነው። ኬሚስቶች ሰልፈር የሚሉት ይህ ቢጫ ማዕድን በአፋር፣ ዳሎል ላይ ከመሬት ወጥቶ ይታያል። ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ጭሱም ትንፋሽ የሚያፍን ነው። ከጥንቱ ባሩድ ሦስት ግብዓቶችም አንዱ እሱ ነበር።

መድኃኒት ቤት ሲገባ ግን ሥራው ሌላ ነው። የላመ የድኝ ዱቄት ከቫዝሊን ጋር ተለውሶ የሰልፈር ቅባት ይሆናል፤ ለአዋቂ 10 በመቶ፣ ለሕፃናት 5 በመቶ። በዚህ መልኩ በዋናነት የሚታዘዘው ለእከክ ነው።

እከክን የምታመጣው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የምታንስ ተባይ ናት። ሴቷ የላይኛውን ቆዳ ሰርስራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ያሳክካል፤ ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ቅባቱ ሲቀባ ድኙ ቆዳ ላይ ወደ ሌሎች ውህዶች ይለወጣል፤ ተባይዋን የሚገድሏትም እነሱ ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ ውኃ ባሳጠረበት ወቅት፣ በአማራ ክልል ብቻ ከ370,000 በላይ ሰዎች እከክ ተገኝቶባቸዋል። የሶዶ ወረዳ ከተማ ቡኢ ያኔ የነበረችበት የደቡብ ክልልም ወረርሽኙ ደርሶት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መድቦታል።

ዛሬ ፐርሜትሪንና አይቨርመክቲን የሚባሉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ። ታዲያ ድኝ ለምን አልተተወም?

አይቨርመክቲን ለነፍሰ ጡርና ክብደቱ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። የድኝ ቅባት ግን ለጨቅላ ሕፃንም፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ለምታጠባ እናትም ይታዘዛል። ዋጋውም ርካሽ ነው። የሚነቀፈው በመጥፎ ጠረኑና ልብስ በማቆሸሹ ነው። ሰልፋ ከሚባሉት መድኃኒቶች ጋርም መምታታት የለበትም፤ ሰልፋ ያለበት ኮትሪሞክሳዞል የማይስማማው ሰው ስለዚያ ብቻ የድኝ ቅባት አይከለከልም።

በቡኢም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የሶዶ ቀበሌዎች ሌሊት እያከከ የሚያድር ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ ድኝ ገዝቶ ራሱ ከመለወስ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያማክር። ቅባቱ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ተከታታይ ሌሊት ከአንገት በታች መላ አካል ይቀባል፤ ልብስና አንሶላም በሙቅ ውኃ ይታጠባል። የማያሳክካቸው ጭምር የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታከሙ፣ እከኩ ዞሮ ይመለሳል።