የነጋዴ ወገብና ያለ በደሉ የሚከሰሰው ዕድሜ

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ከወዳጁ ጋር ቆይቶ በተገናኘ ጊዜ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል» ቢባል ቃሉን እንደ ምርቃት እንጂ እንደ ነቀፋ አይቀበለውም። ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ምስጋናው እጥፍ ነው፤ የሱቁ መደርደሪያ መሙላትና የባለሱቁ ኮት በሆዱ ላይ መጥበብ በሕዝብ ዘንድ የአንድ ብልጽግና ሁለት ምልክቶች ሆነው ይታያሉና። ወሎ በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረኃብ ያልረሳ አገር ስለ ሆነ፣ ወፍራም ሰው እንደ በረከት ቢቆጠር አያስገርምም። በንግድ ቤት ጸሓፊነት የማገለግለው እኔም ዕድሜዬ አርባን ካለፈ ወዲህ ይህን ምርቃት ደጋግሜ ሰምቼ አመስግኛለሁ። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ ባላላሁ ጊዜ ግን ምስጋናውን ትቼ ምክንያት መፈለግ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ከቅርብ ተገኘ፤ «ዕድሜ ነው» አልኩና ዝም አልኩ።

በመካነ ሰላም ከሱቅ ወደ ሱቅ ብትዘዋወሩ ይህንኑ መልስ ትሰማላችሁ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሰውነት ይሰንፋል፤ የበላውን እንደ ወጣትነቱ አያቃጥልም፤ ስለዚህ ቦርጭ የዕድሜ ግብር ነው ይባላል። እኔ ግን ሥራዬ መዝገብ መያዝ ስለ ሆነ ደረሰኝ የሌለው ሒሳብ ሲመዘገብ ደስ አይለኝም። ይህን ያህል ኪሎ በዕድሜ ስም ሲጻፍ ደረሰኙ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትም ክሱን የሚያፈርስ ሆነ።

ሰውነታችን ምግብን ወደ ኀይል እየለወጠ የሚያቃጥልበትን ሥራ ሐኪሞች ሜታቦሊዝም ይሉታል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ኸርማን ፖንትዘር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና አያሌ ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ በ29 አገሮች ከሚኖሩ ከ6,400 በላይ ሰዎች የተሰበሰበ መረጃ የያዘ ነው። ከመካከላቸው ታናሹ የ8 ቀን ሕፃን፣ ታላቁ የ95 ዓመት አረጋዊ ነበር። ሰዎቹ ከተራው ውኃ ጥቂት የሚከብድ፣ ምልክት የተደረገበት ውኃ እንዲጠጡ ተደረገ፤ ያም ውኃ ከሰውነታቸው በምን ፍጥነት እንደሚወጣ በሽንታቸው እየተለካ፣ በየቀኑ የሚያቃጥሉት ኀይል ተሰላ። የአንድ ዓመት ሕፃን ከሰውነቱ መጠን አንጻር ከአዋቂ ሰው በ50 ከመቶ አብልጦ ያቃጥላል፤ ይህም እስከ 20 ዓመት ድረስ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከ20 እስከ 60 ዓመት ግን ሒሳቡ ከቦታው አይነቃነቅም። የሰውነታቸው መጠንና ጡንቻቸው እኩል ከሆነ፣ የ25 ዓመት ጎበዝና የ55 ዓመት ጎልማሳ በአማካይ የሚያቃጥሉት እኩል ነው። መቀነሱ የሚጀምረው ከ60 ዓመት ወዲህ ሲሆን፣ እሱም በዓመት ወደ 0.7 ከመቶ ብቻ ነው።

የአርባ ዓመት ሰውነት ምን እንደሚችል ማየት የሚወድ ሰው ከሯጮቻችን መካከል ምስክር አያጣም። ማሞ ወልዴ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በማራቶን የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው በ40 ዓመቱ ነው። ቀነኒሳ በቀለም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። እኛ እንደነሱ እንሩጥ ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜን በሐሰት መክሰሳችንን ለማስረዳት ያህል ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኪሎ ከየት መጣ? መልሱን ከአሠሪዬ ሕይወት ላይ ማንበብ ይቻላል። እኚህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። አህያና በቅሎ እየነዱ ከቦረና ደሴ ድረስ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ወደ ጎጃም ገበያ በሚሻገሩበት ጊዜም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዐባይ ሸለቆ ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ያንኑ ያህል ዳገት መልሰው ይወጡ ነበር። ስንቃቸው በሶና የገብስ ቆሎ ነው። መጫኑና ማራገፉ፣ ከብቱን ማጠጣቱ፣ ሌሊት መጠበቁ ሁሉ በገዛ ጉልበታቸው ነበር። «በዚያን ጊዜ ቦርጫም ነጋዴ አላየሁም፤ ቢኖርም ዳገቱ ላይ ይቀራል» ይሉኛል እየሳቁ።

ዛሬ ዕቃው ከደሴ በአቀስታ በኩል በጭነት መኪና ተጉዞ እስከ መጋዘኑ በር ይደርሳል። ዋጋ የሚጠየቀው በስልክ ነው፤ ወደ ባንክ የሚኬደው በባጃጅ ነው፤ ኩንታሉን የሚያነሣው ወዛደር ነው። ባለሱቁ ከጠዋት እስከ ማታ ከባንኮኒው ኋላ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ከእሱ እብሳለሁ፤ ባለሱቁ ቢያንስ ዕቃ ሊያወርድ ይነሣል፣ መዝገብ ግን ቆሞ አይጻፍም። መንገድ መሠራቱን የምነቅፍ አይደለሁም፤ መንገድ ባይኖር ይህ ጋዜጣም አይደርሰንም ነበር። ነገር ግን ከዕለት ሥራችን የወጣው እርምጃ በሌላ ነገር አልተተካም፤ የምንበላው ግን እንደ ሲራራ ነጋዴ ነው።

ተቀምጦ መዋል የሚያስከትለውን ጉዳት በቁጥር ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የብሪታንያው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ባወጣው ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች አነጻጸረ። ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የልብ ሕመም ሾፌሮቹን አብዝቶ ሲያጠቃ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሞሪስና ባልደረቦቹ የሠራተኞቹ የደንብ ልብስ የተሰፋበትን የልክ መዝገብ መረመሩ። በዚህ የልብስ ሰፊ መዝገብ የሾፌሮቹ ወገብ በየዕድሜው ከትኬት ቆራጮቹ ሰፍቶ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ወጣቶቹም ሾፌሮች ሳይቀሩ ወገባቸው ሰፋ ያለ ስለ ነበረ፣ ወፍራሙ ሰው ወንበሩን መርጦ ይሆን ወይስ ወንበሩ ሰውን አወፍሮ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። እኔ በራሴ ላይ ያየሁት ሁለቱንም ነው።

ሌላው ምንጭ ብርጭቆው ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሻይ ይታዘዛል፤ ካልታዘዘ ነውር ነው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመርና በቀን አምስት ብርጭቆ ቢጠጣ 15 ማንኪያ ይሆናል። ማንኪያው 4 ግራም ቢይዝ 60 ግራም ነው፤ አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ድምሩ 240 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ይህን ለማቃጠል 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ መሄድ ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባወጣው ምክር፣ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኀይል ከዐሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም ገደማ እንዲወርድ አሳስቧል። ዘይትማ በግራሙ 9 ኪሎ ካሎሪ ነው። ስኳርና ዘይት የምታስመጡ አንባብያን ይቅር በሉኝ፤ ሽጡ እንጂ ሁሉን ራሳችሁ አትጨርሱት ማለቴ ነው።

ጉዳዩ የኮት መጥበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። አንድ የማውቀው ባለሱቅ በ52 ዓመቱ ከባንኮኒው ኋላ እንደ ተቀመጠ ወደቀ። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ስንት ዓመት እንደ ኖረ ማንም አያውቅም፤ አንድ ቀንም አልተለካምና። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኑና አንደበቱ ግን ተያዙ። የዱቤው ሒሳብ እኩሌታው በመዝገብ፣ እኩሌታው በልቡ ነበርና፣ ማን ምን ያህል እንዳለበት ቤተሰቡ ሊያውቅ አልቻለም። ተበዳሪዎቹም ዝም አሉ። ሱቁ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶው ወደ 16 የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ክብደትም ቢሆን፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ሲሆኑ በ2008 ዓ.ም. 8 ደርሰዋል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከመቶው 22 ያህሉ ሴቶች ከልክ በታች የከሱ ነበሩ፤ በአንድ አገር አንዱ በማጣት፣ ሌላው በመብዛት ይታመማል።

ሴት ነጋዴዎች አንድ ነገር ለይተው ቢያውቁት ይበጃቸዋል። የወር አበባ በሚቋረጥበት ዘመን ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ ቀድሞ በዳሌና በጭን ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ያዘነብላል። የሆድ ስብ ደግሞ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም የቀረበ ነው። ስለዚህ ከሚዛኑ ይልቅ የልብስ ሰፊው ሜትር እውነቱን ይናገራል፤ የወንድ ወገብ ከ94፣ የሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ማስለካት ይገባል።

ዕድሜ ፈጽሞ ዕዳ የለበትም ማለት ግን አይደለም። የማይሠራበት ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት ገደማ ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ይጎድላል፤ ከ60 በኋላም ጉድለቱ ይፈጥናል። ጡንቻ ሲቀንስ ሰውነት የሚያቃጥለውም አብሮ ይቀንሳል፤ ሳህኑ ግን ያው የቀድሞው ሳህን ነው። ደስ የሚለው፣ ይህ ጉድለት በእርጅናም ቢሆን መተካት መቻሉ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ወደ 90 የሆነ 10 አረጋውያን ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደርጎ፣ ሥራውን የፈጸሙት የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም የሚመስለው ሥራ፣ ከዚያም ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ለዚህ የሚሆን ዕቃ በሱቅ ሞልቷል፤ ከበርጩማ ያለ እጅ ድጋፍ ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ባንኮኒውን ተደግፎ በክንድ መውረድና መውጣት፣ ቀላሉን ካርቶን ራስ ተሸክሞ ወደ መጋዘን ማስገባት። ደረቱን የሚያመው ወይም የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስለ ጾም የሚጠይቁኝ አሉ። በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም ጿሚ ስለ ሆነ፣ ጾመኛ ሰው እንዴት ይወፍራል ይባላል። ቀን የታለፈው ማታ በተጠበሰ ብስኩት፣ በዘይት በራሰ ፓስታና በጣፋጭ ሻይ ከተተካ በሒሳቡ ላይ ቅናሽ የለም። ባቄላው፣ አተሩ፣ ምስሩና ሽምብራው ለጡንቻ የሚሆን ፕሮቲን አላቸው፤ የአገራችን ገብስም ስኳር ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ የሚያዘገይ አሠር አለበት። አባቶች የያዙት ስንቅ ከኛ ብስኩት የተሻለ ነበር።

አስመጪዎችን የሚመለከት አንድ ቃል ልጨምር። «በሁለት ሳምንት ያከሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክኒንና የቅጠል ሻይ ትርፉ ብዙ መስሎ ይታያል። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት የልብ አደጋንና ስትሮክን እንደሚያበዛ ስለ ታወቀ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል። ከዚያም ወዲህ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «የተፈጥሮ ቅጠል ነው» እየተባሉ በሚሸጡ ማክሻዎች ውስጥ ይህንኑ መድኃኒት ተደብቆ ደጋግሞ አግኝቶታል። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ እንዲህ ያለ ሸቀጥ በመደርደሪያ ማስቀመጥ በደንበኛ ሕይወት መነገድ ነው።

ለምክር ቤታችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም፣ በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለስፖርት ተከፍተው ነበር። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በመካነ ሰላም አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ እሑድ ጠዋት ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ነጋዴዎች ተሰባስበው ወደ ከተማው ዳርቻ በእግር ቢወጡ ወጪው የጫማ ሶል ብቻ ነው። በመንገድ ላይ የዋጋ ወሬ መቀያየርም አይከለከልም።

እኔ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ሥራ በእግሬ እመጣለሁ፤ ማታም አርባ ደቂቃ እሄዳለሁ። ሻዬን በአንድ ማንኪያ ስኳር መጠጣት ለመልመድ አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ የመጀመሪያው ሳምንት መራራ ነበር። ቅዳሜ ሱቅ ሲዘጋ በኩንታል መመዘኛው ሚዛን ላይ እቆምና ቁጥሩን በመዝገቤ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከነቀኑ እጽፋለሁ። ከ83 ኪሎ ወደ 78 ወርጃለሁ። ቀበቶዬም አንድ ቀዳዳ ተመልሷል፤ ሁለተኛው ገና ነው። ሚዛኑን የሚያነቡልኝ አሠሪዬ ናቸው፤ ባለፈው ቅዳሜም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቁጥሩን ካዩ በኋላ፣ «አምስት ኪሎ ጎድሏል፤ ለማን በዱቤ ሰጠኸው?» አሉኝ።