የባሕር ወንበዴ ሒሳብ ዳባት ድረስ

በሰሜን ጎንደር የሚገኙት ዳባትና ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺሕ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው ገብስና ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ ከባሕር ጋር ጉዳይ ያለው አይመስልም። ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ግን ከመርከብ የወረደ ነው። ኤን.ፒ.ኤስ የተባለው ማዳበሪያ በብዛት የሚገዛው ከሞሮኮ ነው። ሜዲትራኒያንን አቋርጦ፣ በስዊዝ ቦይ ቀይ ባሕር ገብቶ፣ የባብ ኤል መንደብን ጠባብ መተላለፊያ አልፎ ጅቡቲ ይደርሳል። ከዚያ በከባድ መኪና ወደ ጎንደር ይወጣል፤ በዩኒየን በኩልም ለየቀበሌው መሠረታዊ ማኅበር ይከፋፈላል።

የመተማ ቆላ ሰሊጥ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጓዛል። በምርት ገበያ ተሸጦ ጅቡቲ ይወርድና ትልቁ ክፍል በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ወደ ቻይና፣ ከፊሉም ጠሒና ወደሚሠሩት የእስራኤል ፋብሪካዎች ያቀናል።

የገቢውም የወጪውም ዕቃ፣ እንግዲህ፣ በዓለም ላይ ለመርከብ እጅግ አስጊ ከሚባሉት ውኃዎች አንዱን ሳይረግጥ አያልፍም።

የሶማሊያ የባሕር ላይ ውንብድና ጣራ የነካው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። ዓለም አቀፉ የባሕር ቢሮ በዚያ ዓመት 237 ጥቃቶችን መዝግቧል። የዓለም ባንክ በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከ2005 እስከ 2012 ድረስ ለማስለቀቂያ የተከፈለውን ገንዘብ ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይኸው ባንክ ውንብድናው በዓለም ንግድ ላይ የጫነውን ወጪ ያሰላው ግን በዓመት 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብሎ ነው። ወንበዴው በስምንት ዓመት ከሰበሰበው ይልቅ እሱን በመሸሽና በመፍራት በአንድ ዓመት የባከነው ከ40 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከማስለቀቂያውም ቢሆን ጀልባ ላይ ወጥቶ ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጠው ወጣት የሚደርሰው ከ30 እስከ 75 ሺሕ ዶላር ነበር። ትልቁ ድርሻ መሬት ላይ ተቀምጦ ገንዘብ ለሚያቀርበው ባለሀብት ይገባ ነበር።

ይህ ወጪ ገበሬው ጋ የሚደርሰው በኢንሹራንስ በኩል ነው። የየመን የሁቲ ታጣቂዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ከያዙ በኋላ፣ በቀይ ባሕር ለሚያልፍ መርከብ የሚጠየቀው የጦርነት ስጋት አረቦን እስከ መርከቡ ዋጋ 1 በመቶ ድረስ ወጥቷል። የባሕር ሕግ ውንብድናን ለግል ጥቅም ከሚፈጸም ዘረፋ ጋር ስለሚያያይዘው የሁቲዎች ጥቃት በሕግ ዓይን ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፤ አረቦን ከፋዩ ግን ልዩነቱን አያገኘውም። 30 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መርከብ 50 ሺሕ ቶን ማዳበሪያ ጭኖ ሲያልፍ 1 በመቶው 300 ሺሕ ዶላር ነው። በቶን 6 ዶላር፣ በኩንታል 60 የአሜሪካ ሳንቲም ይደርሳል። ዶላር በ57 ብር በሚመነዘርበት ጊዜ ይህ 34 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር 100 ብርን ሲሻገር ከ60 ብር በላይ ሆነ። የጭነት ዋጋ ጭማሪው ገና አልተነካም።

በሰሊጥ በኩል ያለው ይብሳል። ቻይና ከታንዛኒያ፣ ከኒጀርና ከሱዳንም ስለምትገዛ ኢትዮጵያዊው ላኪ የጨመረበትን ወጪ በዋጋው ላይ ሊደርበው አይችልም። ስለዚህ ከአቅራቢው ይቀንሳል፣ አቅራቢውም ከአምራቹ። በማዳበሪያ ጨምሮ የሚከፍለው፣ በሰሊጥ ቀንሶ የሚቀበለው፣ ያው በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ገበሬ ነው።

ውንብድናን መግታት እንደሚቻል ግን ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 አታላንታ የተባለውን ዘመቻ የጀመረው በመጀመሪያ የዓለም ምግብ ፕሮግራምን መርከቦች ለመጠበቅ ነበር። ኔቶና ሌሎችም ተሰማሩ፤ የንግድ መርከቦች የታጠቀ ጠባቂ ማሳፈር ጀመሩ፤ ጥቃቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊጠፋ ተቃረበ። ከዚያ ጥበቃው ላላ። ኔቶ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ወጣ። በሶማሊያ የባሕር ክልል ገብቶ ወንበዴን ለማሳደድ የጸጥታው ምክር ቤት የሰጠው ፈቃድ በመጋቢት 2022 አበቃ። የመርከብ ኩባንያዎችም የሕንድ ውቅያኖስን የከፍተኛ አደጋ ቀጣና በጥር 2023 ሰረዙ። ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2023፣ ሩዌን የተባለችው መርከብ ተጠለፈች። የሕንድ ባሕር ኃይል ያስለቀቃት ከሦስት ወር በኋላ 35 ወንበዴዎችን ማርኮ ነው። በዚያው ወር፣ በመጋቢት 2024፣ 23 የባንግላዴሽ መርከበኞችን የያዘችው አብዱላህ ተጠልፋ ከአንድ ወር በኋላ ተለቀቀች።

ለጎንደር ገበሬ ትልቁ ጣጣ ደግሞ ወቅቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው የሞንሱን ነፋስ ውቅያኖሱን ስለሚያናውጥ የወንበዴ ትንንሽ ጀልባዎች እምብዛም አይወጡም። ነፋሱ ሲረግብ ይመለሳሉ። ለቀጣዩ ክረምት የሚያስፈልገው ማዳበሪያ የሚገባውም፣ አዲሱ ሰሊጥ የሚወጣውም በዚያው በበጋ ነው። ሌላ በር ይፈለግ ቢባል፣ ከጎንደር በመተማና በገዳሪፍ በኩል የሚያደርሰው ፖርት ሱዳን ከባብ ኤል መንደብ በስተ ሰሜን ነው፤ ከሞሮኮ የሚመጣ መርከብ ጠባቡን መተላለፊያ ሳይነካ ይደርስበታል። በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ግን ይህንን መንገድ ለጊዜው የማይታመን አድርጎታል።

ኢትዮጵያ ባሕር በር ባይኖራትም እ.ኤ.አ. በ2009 የጅቡቲውን ፀረ ውንብድና የሥነ ምግባር ደንብ፣ በ2017 ደግሞ የጂዳ ማሻሻያውን ፈርማለች። ይህ ፊርማ ጥበቃው በሚላላበት ጊዜ ለመከራከር መድረክ ይሰጣታልና ሊሠራበት ይገባል። አገር ውስጥ ግን ከዚያ ቀላልና ፈጣን እርምጃ አለ። የግብርና ሚኒስቴርና የማዳበሪያ ገዢው ኮርፖሬሽን በየዓመቱ ዋጋ ሲያሳውቁ የመርከብ ጭነትና የኢንሹራንስ ድርሻውን ለየብቻው ለዩኒየኖች ይንገሩ። የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ከሚከፍለው ብር ስንቱ ለማዳበሪያው፣ ስንቱ ለባሕሩ ስጋት እንደሚሄድ የማወቅ መብት አለው።