ፎርማት ከመደረጉ በፊት

በደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እንውሰድ። ደንበኛ ይገባል፤ ከዓመታት በፊት እዚያው የተጻፈለት የኪራይ ውል ላይ ስም ተቀይሮ እንደገና እንዲታተምለት ይፈልጋል። ጸሐፊዋ ፋይሉን ፈልጋ ታገኘዋለች፣ ትከፍተዋለች። ስክሪኑ ላይ ግን አማርኛ የለም። የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና ነጠላ ሰረዞች የተዘባረቁበት ገጽ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ “ከብዶታል” ተብሎ ፎርማት ሲደረግ ዶክመንቶቹ በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተገልብጠው ነበር። ያልተገለበጠው የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ሥሪት ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የራሳቸው ቦታ ስላልነበራቸው የ“ሀ”ንና የ“ለ”ን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ ያሳርፉ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ያን ቁጥር አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው የተጫነው ፎንት ነው። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም በብዙ ቢሮ የቆየው አጻጻፍ ለዓመታት ቀጥሏል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የወረዳ ደብዳቤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የርስት ክርክር አቤቱታ በዚያ መንገድ ተጽፎ ዛሬም በየሃርድ ዲስኩ ተቀምጧል።

የሂሳብ ሠራተኞችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ፒችትሪ የሚባለው ሶፍትዌር ስሙ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም በኢትዮጵያ በየድርጅቱ የቆዩ ሥሪቶቹ አሁንም ይሠራሉ። የመጫኛ ሲዲው የት እንደገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቅ የለም። መረጃው ተርፎ መረጃውን የሚያነበው ፕሮግራም ከጠፋ ሒሳቡ ከተቆለፈ ሣጥን አይሻልም።

ሙሉ የዲስክ ምስል፣ በባለሙያዎች አነጋገር ኢሜጅ፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፋይል መገልበጥና ኢሜጅ ማንሳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሁለቱን ልዩነት ለማየት ደግሞ ከደቡብ ወሎ መውጣት አያስፈልግም።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ የተጻፈ ወንጌል አለ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ያነሳው ፕሮጀክት ይህንንም መጽሐፍ በቁጥር 1832 መዝግቦታል። አንሺዎቹ የወንጌሉን ቃል ብቻ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ቃሉ በሺህ ቦታ ይገኛል፤ ድካሙም አያስፈልግም ነበር። ያነሱት ግን መጽሐፉን እንዳለ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ከሥዕሉና በኋላ ዘመን ሰዎች ከጨመሩበት ማስታወሻ ጋር ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ገዳሙ ንብረትና ሹመት ብዙ ያገኙት ከነዚያ ማስታወሻዎች ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ለዓመታት ካታሎግ የሠሩላቸው የብራና መጻሕፍት እንዲህ የተነሱ ናቸው።

ኢሜጅ የሚያነሳ ሶፍትዌር ሃርድ ዲስኩን እንደዚያ ነው የሚያየው። ዲስክ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 512 ወይም 4,096 ባይት ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ሰንጠረዥ አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስን የሚያስነሳው ክፍል አለ፤ ከዚያ ዊንዶውስ ራሱ፣ ፎንቶቹ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ፒችትሪና ደብዳቤዎቹ ይመጣሉ። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ ከነአቀማመጡ ይወስዳል። ሲመለስም ኮምፒውተሩ ኢሜጁ በተነሳበት ቀን እንደነበረው ሆኖ ይነሳል፤ ዴስክቶፑ ላይ የነበረችው አይከን እንኳ ቦታዋን አትለቅም።

ኢሜጅ የማንሳት ሥራ በስፋት የታወቀው ጎስት በተባለ ሶፍትዌር ነው። መሪ ሃዛርድ የተባለ ሰው በ1995 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ሠራው፤ በ1998 ሲማንቴክ ገዛው፤ ኖርተን ጎስት በሚል ስም ሲሸጥ ቆይቶ በ2013 ተቋረጠ። ማክሪየም ሪፍሌክት የተባለው የእንግሊዝ ሶፍትዌር ደግሞ ብዙ ሰው የወደደለትን ነፃ ሥሪቱን አቁሞ ድጋፉን በ2024 መጀመሪያ ላይ ዘጋ። ዊንዶውስ ውስጥ ከ7 ጀምሮ የምናውቀው የሲስተም ኢሜጅ ማውጫም አሁንም ቢገኝም ማይክሮሶፍት ራሱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሌላ እንድንጠቀም ይመክራል። ስለዚህ ሶፍትዌር ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ፣ ኩባንያው ሐሳቡን ቢቀይር ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ኢሜጅ የሚከፍትልኝ ማነው የሚለው ሊሆን ይገባል።

በዚህ ሚዛን ክሎንዚላ ብልጫ አለው። የታይዋን ባለሙያዎች የሠሩት፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የክፍያ ካርድ አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት የቆየ መሆኑን ያየ ሰው ባክአፑን በሩቅ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ መጣል ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልገውም። ገጽታው ግን ደረቅ ነው፤ በማውስ ሳይሆን በኪቦርድ የሚሠራ፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ሰማያዊና ግራጫ ሜኑ ነው። ይህ ለሚያስፈራው ሰው ሬስኪውዚላ አለ፤ በማውስ ይሠራል፣ ክሎንዚላ ያነሳውንም ኢሜጅ ይመልሳል። የሚከፈልባቸው እንደ አክሮኒስ ያሉት ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ያነሳሉ፤ በየቀኑ የተለወጠውን ብቻ እየጨመሩም ይሄዳሉ። ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ቢገዛቸው ያዋጣዋል። የተሰበረ ፈቃድ ያለውን ሥሪት ከሰው ፍላሽ ተቀብሎ መጫን ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ይህ ሶፍትዌር መላውን ዲስክ የማንበብና የመጻፍ ሥልጣን የሚሰጠው ነውና ቫይረስ ይዞ ከገባ የሚያግደው የለም።

አሠራሩን ከቅርብ እንየው። ክሎንዚላ በፍላሽ ላይ ይጫንና ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል፤ ዊንዶውስ ተኝቶ ሳለ ዲስኩ ይነበባል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ገና በሩ ላይ ነው። አዲሶቹ ዊንዶውሶች “ሻት ዳውን” ሲባሉ ቶሎ ለመነሳት እንዲያመቻቸው በግማሽ ተኝተው ስለሚያድሩ ክሎንዚላ ዲስኩን አልነካም ይላል። መፍትሔው ሺፍት የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት ነው። ቀጥሎ ሁለት ቃላት ይመጣሉ፦ ሴቭዲስክና ሪስቶርዲስክ። የመጀመሪያው ከኮምፒውተሩ ወደ ኤክስተርናሉ ያነሳል፤ ሁለተኛው ከኤክስተርናሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይመልሳል፣ የነበረውን እየደመሰሰ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ሥራውን በገዛ እጁ ያጠፋል። ሶፍትዌሩ የዲስኩን ስምና መጠን አሳይቶ ከመመለሱ በፊት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። የሚነበበው መጠኑ ነው፤ 500 ጊጋባይቱ የቱ፣ አንድ ቴራባይቱ የቱ?

መብራቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ 80ው ብቻ ተይዞ ከሆነ ክሎንዚላ ባዶውን ትቶ የተያዘውን ብቻ ያነባል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ያህል ቢያልፍ ሥራው 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ከሩብ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ባዶውንም ጨምሮ ሁሉን የሚያነብ ሶፍትዌር ቢሆን በአሮጌው ገመድ አራት ሰዓት ይወስዳል። በደቡብ ወሎ ደጋ አራት ሰዓት ያለ መቆራረጥ መብራት አገኛለሁ ብሎ መጀመር ድፍረት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሞላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ሲነሳ ከተቋረጠ ዋናው ዲስክ ምንም አይሆንም፣ ኢሜጁ ብቻ ይጣላል። ሲመለስ ከተቋረጠ ግን ዲስኩ በግማሽ የተጻፈ ሆኖ ይቀራል፤ ኢሜጁ ስላለ እንደገና ይጀመራል።

ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ይለያል። ከውጭ ለሚያነብ ሶፍትዌር ዲስኩ የተመሰቃቀለ ቁጥር ስለሚሆንበት ባዶውን ከተያዘው አይለይም፤ ሁሉንም ይወስዳል። ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ የተነሳውም ኢሜጅ ላይከፈት ይችላል። በተለይ በዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ሊገኝ ስለሚችል መጀመሪያ ማየት ይገባል።

የማንኳኳት ድምፅ ማሰማት የጀመረ ሃርድ ዲስክ ሲገኝ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። ቫይረስ ልፈልግ፣ ላጽዳ አይባልም፤ በበራ ቁጥር ጊዜው እያለቀ ነው። ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ያወጣና የቆሰለውን መጨረሻ ላይ ይመለስበታል።

የተነሳ ኢሜጅ ሳይሞከር ባክአፕ አይባልም። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ሠራተኛ በስሕተት የመረጃ ቋት ሲደመስስ አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ መንገድ ነበረው፤ አንዱም እንደታሰበው ሳይሠራ ቀርቶ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ አጥቷል። የዓለም ባለሙያዎች የተሰበሰቡበት ቤት እንዲህ ከሆነ አንድ የወረዳ ቢሮ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ፈልጎ፣ ኢሜጁን እዚያ ላይ መልሶ፣ አስነስቶ፣ ያቺን የኪራይ ውል ከፍቶ ማየት አይበዛበትም። አሮጌው ዲስክ ኢሜጁ ከተነሳበት ማነስ የለበትም፤ ክሎንዚላ ወደ ትንሽ ዲስክ በቀላሉ አይመልስም።

ከዚያ የሚቀረው ቦታ ነው። ኤክስተርናሉ ሁልጊዜ ተሰክቶ ከዋለ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን እንዳዳረሰው ዋናክራይ ያለ ቫይረስ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። መሳቢያ ውስጥ አብሮ ከተቀመጠም ሌባና እሳት አይለያቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ሲዘረፍ ከጠፉት ንብረቶች መካከል ኮምፒውተሮች ነበሩበት። የሐይቁ ወንጌል ፊልም ሚኒሶታ ድረስ ተጉዟል። የመካነ ሰላሙ ጽሕፈት ቤት ሁለተኛው ዲስክ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የተነሳበት ቀንና ያነሳው ሶፍትዌር ስም ከነሥሪቱ ተለጥፎበት፣ ክሎንዚላ የተጫነባት ፍላሽም አብራው ታስራ፣ ደሴ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ ይበቃዋል።