መርዶ ያልመጣለት ሐዘን

ሞጣ ወይም ቢቸና አካባቢ ያደጋችሁ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ገና ሳይነጋ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል፤ ለቅሶው ይጀመራል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው ማለት ነው። እስቲ አሁን ይሄን አስቡት፦ ልጅቱ ታግታ ተወስዳለች፤ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም። ሰልስቷ ከየትኛው ቀን ይቆጠር?

ጥያቄው እንዲያው ለምሳሌ ያህል የተነሣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ፣ ግጭት ሸሽተው ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። አብዛኞቹ ከአማራ ክልል የሄዱ ሴቶች ነበሩ። ጥር ላይ መንግሥት 21 ተማሪዎች ተለቀዋል ሲል፣ ወላጆች ደግሞ ልጆቻችንን በዓይናችን አላየንም አሉ። በክልሉ ከተሞች ሰልፍ ወጣ። መጋቢት ላይ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የ17 ተማሪዎች ዕጣ አሁንም አልታወቀም አለ። እንግዲህ አንዲት እናት «ተለቀዋል» የሚል ዜና እየሰማች ባዶ አልጋ ስታይ ምን ይሰማታል?

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፓውሊን ቦስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ጦርነት የደረሱበት የጠፋ አብራሪዎችን ቤተሰቦች አጥንታለች። ለሁኔታው የሰጠችውን ስም በእኛ ቋንቋ «ያልለየለት ማጣት» ልንለው እንችላለን። ሰውየው በአካል የለም፣ በሐሳብ ግን ከቤት አልወጣም። ቤተሰቡ ውሳኔ ያቅተዋል፤ ልብሷን ለሰው እንስጥ ወይስ እናስቀምጥ? ተስፋ ማድረግ ሞኝነት ይመስላል፣ ማልቀስ ደግሞ ልጅን በቁሟ እንደመቅበር። እንዲህ የሚሆኑት ደካማ ሆነው አይደለም። ቦስ አጥብቃ የምትለው ይሄንኑ ነው፦ ችግሩ ያለው በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ሳይሆን በሁኔታው ላይ ነው።

የእኛም ቋንቋ እዚህ ላይ ይቸገራል። «እግዜር ያጥናሽ» ካላችኋት ልጇን ገደላችሁባት፤ «እንኳን ደስ አለሽ» አይባል ነገር። «ተይው፣ እርሺው» የሚለው ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉም የከፋው ነው። ቦስ ሁለቱን ሐሳብ አንድ ላይ መያዝ ይረዳል ትላለች፦ ምናልባት ትመጣለች፤ ምናልባትም አትመጣም። ይሄ ቁስሉን አይዘጋም፣ ቀኑን ግን ያስውላል።

መልሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢመጣስ? በአርጀንቲና ከ1976 እስከ 1983 (እ.ኤ.አ.) የወታደሮቹ መንግሥት ሰዎችን፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት፣ ከቤታቸው እየወሰደ ያጠፋ ነበር። ከተወሰዱት መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ፤ እስር ላይ ሲወልዱ ሕፃናቱ ለሌላ ሰው ይሰጡ ነበር። አያቶቹ ግን አልተቀመጡም። ሳይንቲስቶችን «እናትና አባቱ ከሌሉ፣ በእኛ ደም ልጁን መለየት ይቻላል?» ብለው ጠየቁ። የዘረመል ተመራማሪዋ ሜሪ ክሌር ኪንግ ከእነሱ ጋር ሠራች። ቁልፉ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነበር፦ ልጅ ይሄን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ፣ የእናት እናት ደም ከልጅ ልጇ ጋር ይገጥማል። በዚህ ትግል እስካሁን ከ130 በላይ የልጅ ልጆች ማንነታቸው ታውቋል፤ አንዳንዶቹ ሲገኙ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር። የብዙዎቹ እናቶች ግን የት እንደወደቁ ዛሬም አልታወቀም።